80 በመቶው የማን ነው? ስኪዞፍሬንያን ወደ ዘር ቆጠራ ላወረደው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ስኪዞፍሬንያ (ሰውን ከእውነታ የሚያራርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) መንስኤ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ክርክሩ ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦ ሕመሙ 80 በመቶ የዘር መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል፤ አምጪው ዘረመል ስለተገኘ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ዘሩ ንጹሕ የሆነ ሰው ከታመመ ያሳበደው ሱስ ነው፤ በሰው አገር የታመሙትም ከዚሁ ይዘውት የሄዱት ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጣራ፤ ደም ውስጥ ያለን ነገር መድኃኒት ስለማያወጣው ቤተሰብ ገንዘቡን አይጨርስ። ጸሐፊው ከጠቀሷቸው ቁጥሮች አንዳንዶቹ እውነተኛ ናቸው። ከቁጥሮቹ ያወጡት መደምደሚያ ግን አይከተልም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ምክሮች ደግሞ ሰው የሚጎዱ ናቸው። ነጥብ በነጥብ እንመልሳለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ80 በመቶው እንነሣ፤ የቀረው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። ቁጥሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2003 የቀደሙ የመንትያ ጥናቶችን አንድ ላይ ያሰላ ትንታኔ 81 በመቶ አግኝቷል። በ2018 የወጣው፣ ከ1951 እስከ 2000 በዴንማርክ የተወለዱ 31,524 መንትያ ጥንዶችን የተከታተለው ጥናት ደግሞ 79 በመቶ ብሏል። ጸሐፊው ይህን ይዘው፣ ከታመመ ወላጅ ከሚወለዱ 10 ልጆች 8ቱ ይታመማሉ ወደሚል ስሌት ገቡ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። 80 በመቶው ስለ አንድ ልጅ ዕድል የሚናገረው ነገር የለም። የሚናገረው ስለ ልዩነት ነው፦ በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ ሰዎች ለሕመሙ ባላቸው ተጋላጭነት የሚለያዩት ምን ያህሉ በዘረመል ስለሚለያዩ ነው? አንድ ማሳ ላይ እኩል ዝናብና እኩል ማዳበሪያ ያገኘ ጤፍ ቁመቱ ከተበላለጠ፣ ልዩነቱ ከሞላ ጎደል የዘሩ ነው። በማግስቱ ዓመት ዝናብ ቢቀር ግን ማሳው እንዳለ ይቀጭጫል፤ በዚያ በቀጨጨው ማሳ ውስጥም የሚታየው መበላለጥ አሁንም የዘሩ ሆኖ ሊለካ ይችላል። የዘሩ ድርሻ ትልቅ መሆኑ ስለ ዝናቡ ኃይል ምንም አልነገረንም።

የልጅን ዕድል ማወቅ የፈለገ ሰው የሚያየው ሌላ ዓይነት ጥናት ነው። በ2010 የወጣው የዴንማርክ የሕዝብ መዝገብ ጥናት 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ከነወላጆቻቸው መረመረ። እስከ 52 ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ ሁለቱም ወላጆች ታማሚ ከሆኑባቸው ልጆች በስኪዞፍሬንያ ሆስፒታል የገቡት 27 በመቶ ገደማ ናቸው። አንዱ ወላጅ ብቻ ሲታመም 7 በመቶ፣ ሁለቱም ጤነኛ ሲሆኑ 0.86 በመቶ። ስለዚህ አንድ ወላጃቸው ከታመመ 100 ልጆች 93ቱ ይህ ሕመም አይደርስባቸውም። 7 በመቶ ከ0.86 ጋር ሲነጻጸር ስምንት እጥፍ መሆኑ እውነት ነው፤ «ስምንት እጥፍ» እና «ከአሥር ስምንት» ግን ሰማይና ምድር ናቸው፤ ጽሑፉ ያምታታው እነዚህን ይመስላል።

ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮችም ያንኑ ይመሰክራሉ። ዘረመላቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። በ2018ቱ የዴንማርክ ጥናት አንደኛው ሲታመም ሌላውም የታመመው 33 በመቶ በሚሆኑት ነው፤ ከሁለት እንቁላል በሚወለዱት 7 በመቶ። የቆዩ ጥናቶች ለመጀመሪያዎቹ ወደ 50 የሚጠጋ ቁጥር ሰጥተው ነበር። የትኛውም ቢወሰድ ዘረመል ብቻውን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ወደ 100 መድረስ ነበረበት።

ያ 80 ራሱም ቢሆን በድንጋይ የተጻፈ አይደለም። በ2009 በስዊድን ሁለት ሚሊዮን ያህል ቤተሰቦችን ያጠና ሥራ 64 በመቶ አገኘ። በሰዎች መካከል በብዛት የሚታዩት የዘረመል ልዩነቶች በቀጥታ ተነብበው ሲደመሩ ደግሞ የሚሸፍኑት 24 በመቶ ያህል ነው። ክፍተቱ በከፊል ገና ያልተነበቡ ብርቅ ልዩነቶች ናቸው። በከፊል ደግሞ ስሌቱ ራሱ ነው፦ አንድ ቤት ያደጉ መንትዮች የሚጋሩት አካባቢ ከዘረመላቸው ጋር ተጣምሮ ሲሠራ፣ የመንትያ ሒሳብ ያንን ውጤት እንዳለ ለዘር ያስቆጥረዋል።

ይህን ስንል ዘር ምንም አይደለም ማለታችን አይደለም፤ ጸሐፊው የሕመምተኛ እናት ጥፋተኛ አይደለችም ያሉት ትክክል ነው፣ እናመሰግናቸዋለን። በ1948 ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን የምትባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ልጇን የምታሳምም እናት አለች የሚል ሐሳብ አምጥታ፣ ስንት እናት ለብዙ ዓመታት በዚህ ተወቅሳለች። ያንን ያፈረሱት የጉዲፈቻ ጥናቶች ናቸው። በ1966 ሄስተን የተባለ ተመራማሪ ሲያጠና፣ ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው እናቶች ተወልደው ገና በጨቅላነታቸው ከተለዩት 47 ልጆች 5ቱ ታመሙ፤ ከጤነኛ እናቶች ተወልደው እንደዚያው ከተለዩት 50 ልጆች አንድም አልታመመም። በ1989 የወጣ የዴንማርክ ክትትል ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ከተመሳሳይ መንትዮች አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ሲቀር፣ የጤነኛው ልጆችም የታማሚውን ልጆች ያህል ተጋላጭ ነበሩ፤ 17.4 በመቶ ከ16.8 ጋር። ናሙናው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ተጋላጭነት ሳይታይ ተሸክሞ ማለፍ እንደሚቻል ያሳያል። ጸሐፊው ልብ ያላሉት የዚህን ሌላ ገጽ ነው፦ ያው ዘረመል ያለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ኖሯል።

ዘረመሉ ተገኝቷል የሚለውስ? የተገኘ አንድ ዘረመል የለም። በ2014 ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 108 የዘረመል ሥፍራዎች ታወቁ፤ በ2022 ከ76,755 ሕመምተኞችና ከ243,649 ሌሎች ሰዎች በተሰበሰበ መረጃ ቁጥሩ 287 ደረሰ። እያንዳንዳቸው ተጋላጭነትን የሚጨምሩት በጥቂቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች። ብዙዎቹ የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መገናኛ ይመለከታሉ። በ2016 በስድስተኛው ክሮሞሶም (ዘረመሎች የተሰደሩበት ክር) ላይ ያለ ሲ4 የተባለ ዘረመል አሠራሩ በቅርብ ተጠና፤ ዘረመሉ የሚያዘው ፕሮቲን በጉርምስና ዕድሜ የማያስፈልጉ መገናኛዎችን በመግረዝ ሥራ ውስጥ ይገባል፣ ሲበዛ መግረዙም ሳይበዛ አይቀርም። ሕመሙ ለምን በ17 እና በ25 ዓመት መካከል ብቅ ማለት እንደሚወድ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው።

እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ልዩነቶች ተደምረው ለአንድ ሰው ነጥብ ሲሰጡት ነጥቡ የሚገልጸው የተጋላጭነቱን ልዩነት 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ያውም ዝርያቸው አውሮፓዊ በሆኑ ሰዎች ላይ። መረጃው በአብዛኛው ከእነሱ የተሰበሰበ ስለሆነ ለአፍሪካውያን ሲሰላ ከዚህም ይወርዳል። ይህን ለማስተካከል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ኒውሮጋፕ ሳይኮሲስ የተባለ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ናሙና ሰብስቧል። ስለዚህ ዛሬ ለአንድ ሙሽራ «ደምህን ተመርመርና እንወቅህ» የሚለው ሰው፣ ሊያነበው የማይችለውን ወረቀት እየጠየቀ ነው።

የዘረመል ምርመራ ዋጋ የሚኖረው በአንድ ጠባብ ሁኔታ ነው። ከ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ቁራሽ የጎደላቸው ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ ከአራቱ አንዱ ያህል ስኪዞፍሬንያ ወይም ተቀራራቢ ሕመም ይይዘዋል። ከሕመምተኞች ሁሉ ግን እነዚህ ከ100 አንድ አይሞሉም። ሐኪም ይህን መጠርጠር ያለበት ታማሚው ሲወለድ የልብ ችግር ወይም የላንቃ መሰንጠቅ ከነበረበት፣ በደሙ ውስጥ ካልሲየም እያነሰ የሚጥለው ከሆነ፣ ትምህርት ከልጅነቱ ጀምሮ የከበደው ከሆነ ነው። ቤተሰብ እነዚህን ነገሮች ሳይጠየቅ ለሐኪሙ ቢነግር ጥሩ ነው።

ቀጣዩ ነጥብ፣ በዘሩ ያልነበረ ያለ ሱስ አይታመምም የሚለው፣ በተቃራኒው ነው የሚቆመው። የቤተሰብ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከሕመምተኞች ሁለት ሦስተኛ የሚያህሉት በቅርብ ዘመዶቻቸው ውስጥ፣ አያትና አጎት እንኳ ተቆጥረው፣ ሌላ ታማሚ የለባቸውም። ምክንያቱ እንቆቅልሽ አይደለም። ጥቃቅኖቹ ልዩነቶች በሁላችንም ውስጥ ተበትነዋል፤ ከሁለት ጤነኛ ወላጆች የሚመጡት አንድ ልጅ ላይ በዝተው ሊገጥሙ ይችላሉ። አንዳንዱ ለውጥ ደግሞ ከወላጅ የተወረሰ ሳይሆን በዘር ፍሬው ላይ አዲስ የተከሰተ ነው። በ2012 በአይስላንድ የተሠራ ጥናት የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት ሲጨምር ወደ ልጁ የሚያልፈው አዲስ ለውጥ በሁለት ያህል እንደሚጨምር አሳየ፤ በ2001 ከኢየሩሳሌም በወጣ ጥናት ከ50 ዓመት በላይ ከሆናቸው አባቶች የተወለዱት ተጋላጭነታቸው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ የሙሽራውን ዕድሜ ሲጠይቅ ግን አይሰማም!

ከዘርና ከሱስ ሌላ መንስኤ የለም መባሉም የእናትን ማሕፀን ይረሳል። በ1944 እና 45 የብርድ ወራት ጀርመኖች ምዕራብ ኔዘርላንድን ሲዘጉ የቀን ራሽኑ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ በዚያ ረሃብ ጫፍ ላይ የተጸነሱት ልጆች ሲያድጉ በስኪዞፍሬንያ የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ሆነ። ከ1959 እስከ 61 በነበረው የቻይና ረሃብም ዉሁ በተባለች ከተማ አካባቢ የተገኘው ውጤት ተመሳሳይ ነው፤ የአገሩ ዘር፣ አመጋገቡ፣ ዘመኑ ሌላ ሆኖ ሳለ። በምጥ ጊዜ የኦክስጅን እጥረትና መሰል የወሊድ ችግሮች አደጋውን ወደ ሁለት እጥፍ ያስጠጉታል። በልጅነት የደረሰ ድብደባ፣ ጥቃትና መጣል ከእውነታ ከሚያራርቅ የአእምሮ ቀውስ ጋር ያለው ቁርኝት በ2012 በተጠናቀረ ትንታኔ 2.8 እጥፍ ገደማ ነው።

ስለ ሱስ ጽሑፉ ግማሹን በትክክል ይዟል። ማሪዋና ላይ ማስረጃው ጠንካራ ነው። በ1987 የወጣው፣ ከ45,000 በላይ የስዊድን ምልምል ወታደሮችን የተከታተለ ጥናት በ18 ዓመታቸው ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት ስድስት እጥፍ እንደታመሙ አሳይቷል፤ በ2019 በአውሮፓና በብራዚል ከተሞች የተሠራው ደግሞ ቲኤችሲው (የሚያሰክረው ንጥረ ነገር) 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን በየቀኑ የሚያጨሱትን ሰዎች ተጋላጭነት ወደ አምስት እጥፍ አድርሷል። ቢሆንም አብዛኛው አጫሽ አይታመምም፣ ብዙ ታማሚም አጫሽ አልነበረም።

ጫት ግን ለየብቻ መታየት አለበት። ለምለሙ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ብዙ ቅሞ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ የሚያድር ሰው ድምፅ ሊሰማ፣ ሰው ሁሉ ሊከተለው ያሰበ ሊመስለው ይችላል። ይህ ሁኔታ ቅጠሉ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት፣ ቢበዛ በጥቂት ሳምንታት ይለቃል። ካለቀቀ ጉዳዩ ሌላ ነው። ስሕተት የሚፈጠረው በሁለቱም በኩል ነው፦ ቤተሰብ «ጫቱ ነው፣ ይተወዋል» እያለ ስኪዞፍሬንያን ዓመታት ያስቆጥራል፤ ወይም በሦስት ቀን የሚለቅ ነገር የዕድሜ ልክ ስም ይሰጠዋል። በዴንማርክ በዕፅ ምክንያት ቀውስ ገጥሟቸው የነበሩ ሰዎች ሲከታተሏቸው 32 በመቶዎቹ፣ መነሻው ማሪዋና ከሆነ 47 በመቶዎቹ፣ ኋላ ላይ ስኪዞፍሬንያ ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚዋዥቅበት ሕመም) ሆኖ ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ ለቀቀኝ ያለ ወጣትም ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት ክትትል አይቋረጥበት።

ስደትን በተመለከተ፣ ለእኛ ሰው ቅርብ የሆነው ማስረጃ ከእስራኤል የመጣ ነው። በ2008 የታተመ፣ ለውትድርና የተመረመሩ ከ660,000 በላይ ወጣቶችን የተከታተለ ጥናት በስደተኞች ላይ ተጋላጭነቱ ከፍ ማለቱን አሳየ፤ ከሁሉም የላቀው ከኢትዮጵያ በመጡት ላይ ነበር፣ ከአገሬው ተወላጅ ሦስት እጥፍ ያህል። ጸሐፊው ይህን ቢያገኙ ለራሳቸው ምስክር ያደርጉት ነበር። ይሁንና ከዘር የመጣ ቢሆን እዚህም ይበዛ ነበር። በቡታጅራ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ስኪዞፍሬንያ የተገኘው ከ1,000 ሰው 5 በማይሞላው ላይ ነው፤ ከሌላው ዓለም የማይበልጥ ቁጥር። በእንግሊዝም ዝርያቸው ከካሪቢያን የሆኑት ከነጮቹ ዘጠኝ እጥፍ ሲታመሙ፣ በጃማይካ፣ በትሪኒዳድና በባርቤዶስ የተደረጉት ጥናቶች እንዲህ ያለ ነገር አላገኙም።

ታዲያ ምንድን ነው? በኔዘርላንድ በዘ ሄግ ከተማ ስደተኛው የወገኖቹ ቁጥር በበዛበት ሰፈር ሲኖር አደጋው ዝቅ ይላል፣ ብቻውን በተገለለበት ሰፈር ከፍ ይላል። በ2016 በስዊድን በወጣው ጥናት ጥገኝነት ጠይቀው የገቡት፣ ከዚያው አካባቢ በሌላ ምክንያት ከመጡት 66 በመቶ በልጠው ታመዋል። ዘረመል በሰፈርና በቪዛ ዓይነት አይቀየርም። መገለል፣ መናቅ፣ በመንገድ የታየ መከራ ነው የሚቀየረው። የምርመራ ስሕተትም ድርሻ አለው፤ ቡዳ በላኝ ያለ ሰው በባዕድ ሐኪም ፊት ቅዠት እንዳለበት ሊመዘገብ ይችላል። በውጭ ያላችሁ ቤተሰቦች ሆስፒታሉን ሙያዊ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የታማሚውን ልጅ ወይም ታናሽ ወንድም አታስተርጉሙ፤ የሚያፍርበትን አይናገርም፣ የሚሰማውንም አሳጥሮ ያቀርባል።

አሁን ወደ ጋብቻው። ይህ ምክር በተግባር ተሞክሯል፤ ያውም በመንግሥት አቅም። ናዚ ጀርመን በ1933 ባወጣው ሕግ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ማምከን ጀመረ፣ ኋላም መግደል። እስከ 1945 ድረስ ከ220,000 እስከ 269,500 የሚገመቱ የዚህ ሕመም ተጠቂዎች መክነዋል ወይም ተገድለዋል። ከጦርነቱ በኋላ ሲጠና ግን አዲስ የሚታመሙት ሰዎች ቁጥር ዝቅ አላለም፤ እንዲያውም ከፍ ያለ ነበር። ለምን እንደከሸፈ ከላይ ካለው ሒሳብ ማውጣት ይቻላል፦ ከሕመምተኞች ዘጠኝ አሥረኛው ያህል የተወለዱት ከጤነኛ ወላጆች ነው። ታማሚዎቹማ ድሮም የሚወልዱት ጥቂት ነው፤ በስዊድን መዝገብ ወንዶቹ ከሌላው ሰው ሩብ ያህል፣ ሴቶቹ ግማሽ ያህል ብቻ። ሕመሙ ግን ከትውልድ ትውልድ አልጠፋም።

የታማሚ እኅት ወይም ወንድም ያላት ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ የሚነገረው ቁጥር ይኸው ነው፦ ለእሷ አደጋው ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፣ ግን ከ10 በመቶ አያልፍም፤ ዕድሜዋ 30ን ተሻግሮ ጤነኛ ከሆነች አደጋው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ለልጆቿ ደግሞ ይበልጥ ይወርዳል። ምክር የሚያስፈልገው ከሆነ ምክሩ የእርግዝና ክትትሉን በጊዜ መጀመር፣ በጤና ተቋም መውለድ፣ ልጁ ጎረምሳ ሲሆን ከማሪዋና ማራቅ ነው። ከዘር ቆጠራው ይልቅ እነዚህ በሰው እጅ ናቸው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ መድኃኒት አይሠራም መባሉ፣ ከሁሉም አደገኛው ነው። መንስኤው ዘር መሆኑ ሕክምና አይኖረውም ማለት አይደለም። 65 ሙከራዎችን ያጠቃለለ በ2012 የወጣ ትንታኔ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት በአንድ ዓመት ውስጥ ያገረሸባቸው 27 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው 64 በመቶ እንደሆነ አሳይቷል። ሕመሙ ምን እንደሚያደርግ ከዚያው ከቡታጅራ እናውቃለን፦ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ሲከታተሏቸው የሞቱት በአማካይ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ነው፤ ግማሽ ያህሉን የገደላቸውም ተላላፊ በሽታ ነው።

መድኃኒት የሚቋረጠው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ሃሎፔሪዶል የተባለው የዚህ ሕመም መድኃኒት በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንገት ሊጣመም፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል፣ መንጋጋ ሊቆለፍ ይችላል፤ ቤተሰብ መንፈሱ ተነሣበት ብሎ ክኒኑን ይጥላል። ይህ የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ትራይሄክሲፌኒዲል የተባለ ማርከሻ በመስጠት፣ የሃሎፔሪዶሉን መጠን በመቀነስ ወይም ሪስፐሪዶን ወደተባለ ሌላ መድኃኒት በመቀየር ይስተካከላል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ኦላንዛፒን የሚወስድ ሰው ክብደቱና የደም ስኳሩ ይለካ። ክኒን የሚረሳ ወይም የሚደብቅ ከሆነ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚወጋ ፍሉፌናዚን አለ። ጠበል የሚጠመቅ ወይም የሚጾም ሰው ክኒኑን መተው የለበትም፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች በቀን አንዴ ስለሚወሰዱ ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ማታ ሊያዞርለት ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 12 ወር ይቀጥላል፤ ከዚያ ማቆም ከተፈለገም በሐኪም ዓይን ሥር በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው፤ እንቅልፉ ከተዛባ ወይም መጠራጠር ከጀመረ ወደ ነበረበት መጠን ይመለሳል።